እግር ሲያብጥና ሲያም፦ ቤት የሚሠራውና ለሐኪም የሚተወው

ማታ ጫማዎን ሲያወልቁ የካልሲው ላስቲክ ቅልጥምዎ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ትቷል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት አይታይም። ባት ይከብዳል፣ ሲነካም ያማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ወይ ከሌላ ሰው የተረፈ የሽንት ማሸኛ ኪኒን ይውጣል። ሁለቱንም አልመክርም። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት እግሩን በደንብ ማየት ይቀድማል። እብጠት ከእግር ደም ሥር፣ ከልብ፣ ከኩላሊት፣ ከሚወስዱት መድኃኒት፣ ወይም በጣቶች መካከል ካለች ትንሽ ስንጥቅ ሊመጣ ይችላል። ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ሌላውን ይጎዳል። ማሸት ለአንዳንድ እብጠት ሕክምና ነው፤ ደም ለረጋበት እግር ግን አደጋ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልጋል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያበጠው አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም?

አንድ እግር ብቻ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ባቱ ካመመ፣ ከሌላኛው እግር ይልቅ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ጥልቅ በሆነው ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር) ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ አልጋ ላይ ለሰነበተ፣ እግሩ በጄሶ ታስሮ ለነበረ ወይም ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ ለተጓዘ ሰው ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነፍሰ ጡሮች፣ ከወለዱ 6 ሳምንት ያልሞላቸው፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ፣ ካንሰር ያለባቸውና ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ሕመሙ ቀለል ያለ መሆኑ አያዘናጋዎ፤ የረጋ ደም ሁልጊዜ ከባድ ሕመም ይዞ አይመጣም።

እንዲህ ያለውን እግር አያሹት። በፋሻም አይጠፍሩት። «ነገ ይሻለዋል» ብለው አያሳድሩት። የዚያኑ ዕለት ዶፕለር አልትራሳውንድ (በደም ሥር ውስጥ የደሙን ፍሰት የሚያሳይ መሣሪያ) ወዳለበት የሕክምና ተቋም ይሂዱ። የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ሳንባ መድረሱን የሚጠቁሙት ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ትንፋሽ ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳልና ራስን መሳት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካለ አምቡላንስ ይጠሩ።

ሌሎችም የማይዘገይባቸው ሁኔታዎች አሉ።

- ቆዳው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሆነ፣ ከዚያም ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ኢንፌክሽን ነው ብለው ይጠርጥሩ። የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ያስምሩና ሰዓቱን ይጻፉ። ከመስመሩ ማለፉን አይተው ለሐኪሙ መናገር ብዙ ይረዳል። ለማየት ብለው ግን ቀጠሮውን አያስተላልፉ።
- ነፍሰ ጡር ሆነው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ ወይም ከጎድን አጥንት በታች ካመመ፣ ደም ግፊትዎ ወዲያው ይለካ። ይህ ፕሪኢክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላም ሊከሰት ስለሚችል «ከወለድኩ በኋላማ ምን ይመጣል» አይበሉ።
- ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ከእንቅልፍ የሚነቁ ከሆነ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ይችላል።
- ከመውደቅ ወይም ከወለምታ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። ከጉዳት በኋላ ባቱ ተወጥሮ ድንጋይ ካከለ፣ ሕመሙ በማስታገሻ ካልቀነሰና ጣቶቹ ከደነዘዙ ደግሞ በደቂቃዎች የሚቆጠር ድንገተኛ ነው።
- የስኳር ሕመም ካለብዎትና አንድ እግርዎ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ባያምም እንኳን እግሩን መርገጥ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስሜት ያጣ እግር ውስጥ አጥንት እየተሰበረና ቅርጹ እየተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሻርኮ እግር ይባላል። በመራመድ ይብሳል።

ከዚህ ሁሉ ነፃ ከሆኑ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 2፦ በጣትና በሜትር መፈተሽ

አውራ ጣትዎን ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ የቅልጥሙ አጥንት ላይ ያድርጉ። ለ10 ሰከንድ ያህል ጫን አድርገው ይልቀቁ። ጣትዎ የነበረበት ቦታ ሰርጉዶ ከቀረ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ሁለቱንም እግር ይፈትሹ። ስርጉዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ነው ወይስ እስከ ጉልበት ይደርሳል? ከፍታው ስለሚጠቅም ይመዝግቡት።

የማይሰረጉድ ከሆነስ? ምናልባት ለብዙ ጊዜ የቆየ የሊምፍ እብጠት (ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ ለቅመው የሚመልሱት ቧንቧዎች ሲደክሙ የሚመጣ) ነው፤ ምናልባት የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ነው። ሌላ አንድ ፍተሻ አለ። ከሁለተኛው የእግር ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለማንሳት ይሞክሩ። ቆዳው ወፍሮ አልነሳም ካለ የሊምፍ እብጠት የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ሴቶች ላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮች ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል ወፍረው መርገጫው ግን ካላበጠ፣ በትንሹም የሚበልዝና የሚያም ከሆነ፣ ሊፒዲማ የሚባል የስብ ክምችት ሊሆን ይችላል። ይህን በጨው መቀነስ ወይም በሽንት ማሸኛ ማከም አይቻልም።

አሁን ሜትር ያውጡ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከጉልበት በታች ከፊት በኩል ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይለኩና ምልክት ያድርጉ። በዚያ ላይ የሁለቱንም ባት ዙሪያ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሐኪሞች የረጋ ደም ሲጠረጥሩ ከሚቆጥሯቸው ምልክቶች አንዱ ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዚሁ ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ፎቶም ያንሱ። «ትናንት የባሰ መስሎኝ ነበር» ከሚል ሰው ይልቅ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል።

ሚዛን ካለዎት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር የስብ አይደለም፤ ውኃ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ይህን ሲያይ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት።

ደረጃ 3፦ ከየት መጣ?

ትንሽ ስለ አሠራሩ። ልብ ደሙን ወደ እግር ይልካል። መመለሻው ግን ዳገት ነው። የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደም መልሶቹን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ለሰዓታት ሲቆሙ ወይም ሲቀመጡ ጡንቻው ሥራ ይፈታል። ቫልቮቹ ካረጁ ደሙ ወደ ታች ይወርዳል። ግፊቱ ሲጨምር ውኃው ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ወደ ሥጋው ይሰርጋል። የሰረገውን ለቅመው የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው፤ እነሱም አቅም አላቸው። በተጨማሪ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ውኃውን ይዞ ያቆያል። ኩላሊት ፕሮቲኑን በሽንት ካፈሰሰው፣ ወይም ጉበት ማምረት ካቃተው ሰውነት ያብጣል።

ይህን ይዘው እግርዎን ያንብቡ።

ማታ የሚብስ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ የሚቀንስ፣ ከክብደትና ከማቃጠል ጋር የሚመጣ፣ የተጠማዘዙ ደም ሥሮች የሚታዩበት ከሆነ ብዙ ጊዜ የደም መልሶቹ ድካም ነው። ሲቆይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ቡናማ ይሆናል፣ ያሳክካል፣ ይደርቃል። ቁስል የሚወጣውም እዚያው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤት ውስጥ የሚሠራው ነገር በጣም ይጠቅማል።

ጠዋት ዓይን ሥር የሚያብጥ፣ ሽንቱ አረፋ የሚበዛበት ከሆነ ኩላሊትን ያስቡ። ሆድም አብሮ ካበጠና ዓይን ቢጫ ከሆነ ጉበትን።

ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣት ሥር ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ እንኳን ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ ሪህ ሳይሆን አይቀርም። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግና እግሩን ማሳረፍ ያስታግሳል። መገጣጠሚያው ሲያብጥ ትኩሳት ካለ ግን ሪህ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ኢንፌክሽን የገባበት መገጣጠሚያም እንዲሁ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው መድኃኒትን ነው። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ቁርጭምጭሚት በማሳበጥ የታወቁ ናቸው። በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል። ደም ቅዳውን (ደም ከልብ የሚያመጣውን ሥር) ከደም መልሱ በበለጠ ስለሚያሰፉት ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ እብጠት ሽንት ማሸኛ መጨመር እምብዛም አይረዳም፤ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይሻላል። ሌሎቹ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሬጋባሊን፣ ፒዮግሊታዞን የሚባለው የስኳር መድኃኒትና ኢስትሮጅን ያለባቸው ናቸው። እብጠቱ የጀመረው አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በራስዎ ግን አያቁሙ። ያለ ምትክ የተቋረጠ የግፊት መድኃኒት ካበጠ ቁርጭምጭሚት የባሰ ጣጣ ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እግሩ ስላበጠና ስላመመው ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው እብጠቱን እየጨመረ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ማስታገሻዎች ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንና የደከመ ልብን ይጎዳሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት እንክብል፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ካለብዎ ወይም ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይወስንልዎ።

ደረጃ 4፦ እግርን መስቀል፣ በትክክል

«እግሬን ሰቅዬ ነበር፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ትንሽ በርጩማ ላይ ያደረጉ ናቸው። እንዲህ ሲሆን እግሩ አሁንም ከልብ በታች ነው። ውኃው የሚወርደው እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ ሲሆን ነው።

በጀርባዎ ይተኙ። ከባትዎ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ትራስ ይደርድሩ። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል ይያዝ። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፤ ተገትሮ መዘርጋቱ ያደክማል። ተረከዙ ከትራሱ ጫፍ ወጣ ይበል፣ ምንም አይጫነው። በተለይ የስኳር ሕመምተኞችና አረጋውያን ተረከዛቸው ላይ በቀላሉ ቁስል ይወጣል። እንዲህ ሆነው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመስቀል ተከፋፍሎ መደጋገሙ ይሻላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ በጀርባ ብዙ አይቆዩ፤ በግራ ጎን መተኛት ከሆድ ዕቃው ኋላ ያለውን ትልቁን ደም መልስ ከጫና ያቃልለዋል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ይህን ደረጃ ሐኪም ሳያይዎ አይሞክሩት። ሲሰቅሉት የሚያም፣ ወደ ታች ሲያወርዱት የሚሻለው እግር ደግሞ የደም ቅዳ ጥበት ያለበት ሊሆን ይችላል። እሱን አይስቀሉ፤ ያስመርምሩ።

ደረጃ 5፦ ባትን ማሠራት

መስቀል ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ጡንቻው ነው።

ተቀምጠው ወይም ተኝተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ከዚያ ወደ ታች ይግፉ። 20 ጊዜ። በየሰዓቱ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን በሁለቱም አቅጣጫ ያሽከርክሩ። መቆም የሚችሉ ከሆነ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ይዘው በጣቶችዎ ላይ ከፍ ይበሉ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። ከ10 ጀምረው እንደ አቅምዎ ይጨምሩ። ከሁሉም የሚበልጠው መራመድ ነው፤ አጭር ቢሆንም ደጋግሞ።

ሥራዎ ቆሞ መዋል ከሆነ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዘዋውሩ። ተቀምጦ መዋል ከሆነ እግር ማጠላለፍ ይተው፣ በየሰዓቱ ይነሱ። ረጅም ጉዞ ላይም እንዲሁ ነው። መንቀሳቀስ ካልተቻለ ጣት መሳቡና መግፋቱ ማንም ሳያይዎ ይሠራል።

እንቅስቃሴው የሚከለከለው ለወለምታው የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለተቀሰቀሰ ሪህ፣ ለሻርኮ እግርና ደም መርጋት ተጠርጥሮ ገና ላልተመረመረ ሰው ነው።

ደረጃ 6፦ የሕክምና ካልሲ

ኮምፕሬሽን ካልሲ ከቁርጭምጭሚት ላይ በጣም አጥብቆ ወደ ጉልበት ሲወጣ እየላላ የሚሄድ ነው። ደሙን ወደ ላይ የሚያግዘው ይህ የጥብቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ እግር ላይ ጠባብ የሆነ ማንኛውም ካልሲ አይተካውም። አናቱ ላይ ጠባብ ላስቲክ ያለው ተራ ካልሲ እንዲያውም ተቃራኒውን ይሠራል፤ መመለሻውን ያንቃል።

ከመግዛትዎ በፊት ደም ቅዳዎ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲራመዱ ባትዎን የሚጨመድድዎ፣ ሲቆሙ የሚለቅዎ ከሆነ፤ እግርዎ የሚቀዘቅዝ፣ ፀጉሩ የረገፈ፣ ጣት ላይ የማይድን ቁስል ያለው ከሆነ ካልሲውን አያጥልቁ። በሐኪም ቤት የቁርጭምጭሚትንና የክንድን ደም ግፊት አነጻጽረው ይለኩልዎታል። ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ቅዳ ጥበት አለ ማለት ነው፤ ካልሲውን መጠቀም አለመጠቀሙን ሐኪሙ ይወስናል። በስኳር ምክንያት እግራቸው ስሜት ያጣ ሰዎች፣ የልብ ድካማቸው ያልተረጋጋ ሰዎችና ቆዳቸው ላይ ኢንፌክሽን ያለባቸውም መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ።

ልኩ የሚወሰደው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እብጠቱ ሳይጀምር ነው። የቁርጭምጭሚት ቀጭኑን ቦታ፣ የባትን ወፍራሙን ቦታና ከወለል እስከ ጉልበት ማጠፊያ ያለውን ርዝመት ይለኩ። ለጀማሪ 15–20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለው ጥብቀት ለብዙ ሰው ይበቃል። 20–30 የሚለውን በሐኪም ምክር ይውሰዱ። እስከ ጉልበት የሚደርሰው ለአብዛኛው በቂ ነው፤ እስከ ጭን የሚደርሰው ይንሸራተታል፣ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል።

አጠላለቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። እጅዎን ካልሲው ውስጥ አስገብተው ተረከዙን ይያዙና እስከ ተረከዙ ድረስ ወደ ውጭ ይገልብጡት። መርገጫዎን ያስገቡ። የካልሲው ተረከዝ ከእርስዎ ተረከዝ ጋር በትክክል ይግጠም። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ያውጡት፤ አናቱን ይዘው አይጎትቱት። የጎማ ጓንት ቢያጠልቁ ጨርቁን ይቆነጥጥልዎታል፣ ጥፍርም አይቀደውም። መጨረሻ ላይ ጫፉ ከጉልበት ማጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ሽብሽብ አይቅር። ቢረዝምብዎት አናቱን አይጠቅልሉት፤ የተጠቀለለው ቦታ እግሩን እንደ ገመድ ያስራል።

ጠዋት አጥልቀው ማታ ሲተኙ ያውልቁ። ቅባት ካለ ማታ ይቀቡ፤ ጠዋት የተቀባ እግር ላይ ካልሲው አይወጣም። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመም ከጨመረ ወዲያው ያውልቁት። በየቀኑ ካጠለቁት በ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ጥብቀቱ ይላላል፣ መቀየር አለበት። ሲያጥቡት ለብ ባለ ውኃ፤ ሲያደርቁት ጥላ ላይ።

ደረጃ 7፦ ጨው፣ ውኃና ያ የሙቅ ውኃ ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፤ ምግቡ ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ። ፋብሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ምግብ፣ የታሸገ ሾርባና ቅመም፣ የደረቀና ጨው የበዛበት ሥጋ ሳይታወቅ ገደቡን ያሳልፋሉ። ጨው መተው ብቻውን የደከመ ቫልቭ አይጠግንም። ለልብ፣ ለኩላሊትና ለጉበት እብጠት ግን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም አላቸው፤ ኩላሊት ለሚያመውና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው።

ውኃ መጠጣት በራስዎ አይቀንሱ። ይህ ገደብ የሚሰጠው ለአንዳንድ የልብና የኩላሊት ሕመምተኞች ብቻ ነው፣ መጠኑንም ሐኪም ይነግራቸዋል።

ሙቅ ውኃ ደስ ይላል፣ እሱን አልክድም። ሙቀት ግን የደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ ብዙ ፈሳሽም እንዲሰርግ ያደርጋል። ጨው መጨመሩም ከቆዳ ሥር ያለውን ውኃ አይስበውም። ስሜት የቀነሰበት እግር ደግሞ ሳያውቀው ይቃጠላል። መታጠቢያው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱንም በእግር ሳይሆን በክርን ይፈትሹ።

ደረጃ 8፦ ቆዳውን መጠበቅ

ያበጠ እግር ቆዳው ተወጥሯል፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል፣ ኢንፌክሽኑ የሊምፍ ቧንቧዎቹን ይጎዳል፣ እብጠቱ ይብሳል፣ ቆዳው ደግሞ ይሰነጠቃል። ይህን ዑደት የሚቆርጠው ሳሙናና ውኃ ነው።

በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ። በጣቶች መካከል ደህና አድርገው ያድርቁ፤ ሲያደርቁ እየጠበጠቡ እንጂ እየፈተጉ አይሁን። ከዚያ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። እዚያ ነጭ ሆኖ የሚላጥና የሚያሳክክ ካለ ፈንገስ ነው። ክሎትሪማዞል ቅባት ይሠራል፤ ቆዳው ከዳነ በኋላም 2 ሳምንት ያህል ይቀጥሉ። ጥፍር ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ጫማ የሚገዙት ወደ ማታ ነው፣ እግር ከፍተኛ ልኩ ላይ ሲደርስ።

ይህ እንክብካቤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የሊምፍ እብጠት ላለበት ነው። ዝሆኔ አንዱ ነው። በትንኝ የሚተላለፍ ትል ያመጣዋል። በባዶ እግር ለዓመታት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር የረገጡ ሰዎች ላይም ያለ ምንም ተላላፊ ተሕዋስ ይመጣል። ይህኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የታመመውን መሸሽ መሠረት የለውም። በየቀኑ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት፣ የሚሸፍን ጫማ፣ ፋሻና እንቅስቃሴ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ደጋግሞ የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመምም ያራርቀዋል። ለሊምፍ እብጠት የሚደረገው እሽትም ለስላሳና በሠለጠነ ሰው የሚሠራ ነው፤ ጨምቆ ማሸት አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሐኪም ዘንድ ምን ይዘው ይሂዱ?

ከላይ ያለውን ለሁለት ሳምንት ሠርተው ለውጥ ካላዩ፣ እብጠቱ ወደ ጉልበት ከፍ ካለ፣ ወይም ምክንያቱን ካላወቁት ቀጠሮ ይያዙ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በእጅዎ ይያዙ፤ ያለ ማዘዣ የገዙትን ጭምር። የባት ልኩን፣ የክብደቱንና የፎቶውን መዝገብ ያሳዩ። መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት ይቀንስ አይቀንስ፣ ትንፋሽዎ እንዴት እንደሆነ ይንገሩ።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ አልቡሚን፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ እንደ ሁኔታው ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድ ወይም የእግር ዶፕለር ናቸው። ሁሉም ለሁሉም አይታዘዝም። «የጠረጠሩት ምንድን ነው? ይህ ምርመራስ ምን ያረጋግጣል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ፉሮሴማይድ ወይም ሌላ ሽንት ማሸኛ ከታዘዘልዎ ጠዋት ይውሰዱት፤ ማታ ከዋጡት ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ። ከተዋሰ ኪኒን የከለከልኩዎትም ለዚህ ነው፤ ይህ መድኃኒት ከውኃው ጋር ፖታሲየምና ሶዲየም ይጠርጋል፣ ሰውነትን አድርቆ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሪህንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ከጀመሩ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፖታሲየምዎና ክሬያቲኒንዎ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይለካ። ከመቀመጫ ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመ፣ ባትዎ ከተኮማተረ ወይም ልብዎ ከተዛባ ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩ።